የጎሽ ውሃ ድልድይ ምስክር

አዩብ ደስ ሲለው ይሄዳል እንጂ አይናገርም። መካነ ሰላም ውስጥ ይህን የማያውቅ ባለሱቅ የለም። በእህል በረንዳው ወርዶ፣ መናኸሪያውን ዞሮ፣ ተመልሶ በዚያው በእህል በረንዳው ሲያልፍ ያዩት «ይኼ ልጅ ዛሬ ደግሞ ምን አገኘ?» ይባባላሉ። ብቻውን መሆን የሚወድ፣ አንዴ ጠርተውት የማይሰማ፣ ዓይኑ ካለበት ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ የሚውል ልጅ ነው። ሰው ሲያወራው ራሱን ይነቀንቃል፤ ልቡ ግን ገና ያልተሠራ አንድ ነገር ዘንድ ሄዶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እያስቀመጠ ነው።

የዚያን ዕለት ከብዙአየሁ ሱቅ ሲወጣ እግሩ መሬት የነካ አልመሰለውም። ብዙአየሁ ወረቀት ያባዛል፣ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ዓረብ አገር ለሚሄዱ ሰዎች በኮምፒውተር ፎርም ይሞላል። የአገሩ ሴት ልጅ ግማሷ በዚያች ጠባብ ሱቅ በኩል አልፋ ነው ጂዳ የገባችው። አዩብ ግን የትም ሊሄድ አልነበረም። ያመለከተው ለፈተና ነው።

«እኔ ሰው የምልከው ወደ ጂዳ ነው፤» አለው ብዙአየሁ፣ አዩብ የመጨረሻዋን ቁልፍ ተጭኖ እጁን ከማውሱ ላይ ማንሳት ሲያቅተው። «አንተን ግን ወዴት እንደላክሁህ እስካሁን አልገባኝም።»

«እዚሁ፤» አለ አዩብ፣ ሄደ።

ፈተናው የፕሮጀክት አመራር ሙያ ማረጋገጫ ይባላል። አንድን ሥራ ከሐሳቡ አንስቶ እስከ ምርቃቱ ድረስ መርቶ ማድረስ የሚችል ሰው ነው የሚል ወረቀት የሚያሰጥ፣ በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚሰጥ ፈተና ነው። ዲግሪ ያለው ሰው በጥቂት ዓመት ልምድ ይቀመጥበታል። እንደ አዩብ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ ያልመጣለት ደግሞ ብዙ ዓመት ሥራ መርቶ መሆን አለበት፤ መምራቱንም የሚመሰክርለት ያሻዋል። አዩብ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ለክብር አልፈለገውም። በወግዲ፣ በከላላና በእነሱው ወረዳ ገደላ ገደሉ ላይ የእግረኛ ድልድዮች ሊሠራ የመጣ አንድ ድርጅት አስተባባሪ ይፈልጋል፤ የለጠፈው ማስታወቂያ «ዲግሪ ወይም ይህ ማረጋገጫ» ይላል። አዩብ ያቺን «ወይም» ያነበበ ዕለት ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታሉ ስንቴ እንደተመላለሰ ብዙአየሁ እስከ ዛሬ ይቀልድበታል።

ድልድይ የአዩብ ነገር ነው። ለምን እንደሆነ ደግሞ መናገር ያስፈልጋል።

ያደገበት መንደር ጎሽ ውሃ በሚባል ወንዝ ግራና ቀኝ የሰፈረ ነው። ወንዙ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን፣ ወንዙ ወዲያ መስጊድ አለ፤ ሰዉ ግን ወዲህም ወዲያም ተቀላቅሎ ይኖራል። ቅሬው አንድ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ የቀረውን የሚቀጣው ያው አንዱ ቅሬ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ የሚጠራበት ነው። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ሞልቶ ቅሬውን ለሁለት ይቆርጠዋል። የአዩብ እናት የሞቱት በሐምሌ ነበር። ወዲህ ያለው ሕዝብ መሻገር አቅቶት ከወንዙ ዳር ቆሞ፣ የወዲያኞቹ ሲቀብሩ በውሃው ማዶ ሲያለቅስ ዋለ። ጂዳ ያለችው ታላቅ እህቱ ኡሙልኸይር ይህን በስልክ ስትሰማ አላለቀሰችም። ጂዳና ሪያድ ያሉትን የጎሽ ውሃ ልጆች አንድ ላይ ሰበሰበች፤ ከዚያ ለአዩብ ድምፅ ላከችለት።

«ሆዴ፣ ሕልመኛ ይሉህ የለ? በል እንግዲህ ድልድይ አልምልኝ።»

አለመ፣ ሠራም። በሁለት ክረምትና በሁለት በጋ መካከል፣ በግራና በቀኝ ግንብ ቆሞ፣ የብረት ገመድ ተወጥሮ፣ ሳንቃ ተነጥፎ፣ ጎሽ ውሃ ድልድይ አገኘ። ከእሱ በፊት ምንጭ አጎልብቷል፤ ከእሱም በኋላ የትምህርት ቤት ክፍሎች አሠርቷል። ይህ ሁሉ ስም ያለው ሙያ መሆኑን ግን አያውቅም ነበር። ስሙን ያገኘችው ኡሙልኸይር ናት። የአሠሪዋ ልጅ መሐንዲስ ነው፤ ለፈተና እያጠና መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ወጣ። አቧራ ስትጠርግ ገለጥ አድርጋ ሥዕሉን አየች፤ ቀስት፣ ሣጥን፣ የቀን መስመር። ወንድሟ በስልክ የሚልክላት የነበረው ሥዕል ነው። ልጁን ጠየቀችው፤ ነገራት። ወዲያው ለአዩብ «ወላሂ አንተ ስትሠራው የነበረው ነገር ስም አለው፤ ሰው እየተፈተነ ወረቀት ይቀበልበታል» አለችው። ያን ቀን አዩብ ከጎሽ ውሃ መካነ ሰላም በእግሩ ሲመጣ ድካም አልተሰማውም።

ጥናቱ እንደ ፍቅር ያዘው። መጽሐፉን ብዙአየሁ አባዝቶ ጠረዘለት። ቀን የመለማመጃ ጥያቄ ስልኩ ላይ ለማውረድ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ይወጣል፤ ለፈተናው የሚጠየቀውን ኮርስም የጨረሰው እዚያው ነው። እንግሊዝኛው ያስቸግራል፤ ጉዳዩ ግን አዲስ አይደለም። «ባለድርሻ አካላት» ሲለው የቅሬው ሰዎች አንድ በአንድ ፊቱ ይመጣሉ። «ስጋት» ሲለው የነሐሴ ደራሽ ይታየዋል። መጀመሪያ ላይ የሚሳሳተው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። ጥያቄው «ሁለት የቡድኑ አባላት ተጣልተዋል፤ ሥራ መሪው አስቀድሞ ምን ያደርጋል?» ሲለው፣ አዩብ ከአራቱ ምርጫ መካከል «ሽማግሌ ይልካል» የሚለውን ፈልጎ ያጣል። አንድ ቀን ለብዙአየሁ ይህን ቢያጫውተው ሲስቅ የሰው ፎቶ አበላሸ። ቀስ በቀስ ግን መልሱ ያው መሆኑ ገባው። መጽሐፉ «ተጋጪዎቹን ለየብቻ አነጋግር፣ ሥሩን ፈልግ» ይላል። ሽማግሌስ ሌላ ምን ያደርጋል? የልምምድ ውጤቱ ከፍ አለ፤ ደግሞ ከፍ አለ።

ማመልከቻው ከተላከ በኋላ መልስ መጣ። ፋይሉ ለማጣራት ተይዟል፤ የጎሽ ውሃን ድልድይ ሥራ የበላይ ሆኖ ይከታተል የነበረ ሰው ይመስክር፣ ኢሜይል ከሌለው አዲስ አበባ ካለው ቢሮ በስልክ ይጠየቃል፣ አመልካቹም በአጠገቡ አይገኝ ይላል።

አዩብ በዚህ እንቅልፍ አላጣም። የበላይ የነበሩት የቅሬው ዳኛ አያ አድማሴ ናቸው። እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። እናቱ የሞቱ ጊዜ ወንዙ ማዶ ሆነው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲያለቅሱ አይቷቸዋል። ሄዶ፣ ከአዲስ አበባ ተደውሎ ስለ እኔ ይጠየቃሉ አላቸው።

«ስለ አንተማ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አብሽር።»

አዩብም አበሸረ። ለድርጅቱ ሥራ የሚያደርገውን ጫማ ሳይቀር በሐሳቡ መረጠ። የወለቃ ወንዝን አፋፍ፣ የከላላን ቁልቁለት፣ ገመድ የሚወጠርበትን አለት ሁሉ በዓይነ ልቡናው ዞረው።

አያ አድማሴ በገበያ ቀን ጨው ተራ ቆመው እንደተደወለላቸውና ሲያወሩም እንደነበር ሰማ። በማግሥቱ ለእሱ ተደወለ። የኔአለም እባላለሁ አለች፤ ድምጿ የአዲስ አበባ ነው፣ ፈጠን ይላል፣ ክፋት ግን የለበትም።

«አቶ አዩብ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ከምስክርህ ጋር ተጣልታችኋል?»

«ኧረ በፍጹም!»

«የነገሩኝን ላንብብልህ፤ የጻፍሁት እንዳሉት ነው።» ወረቀት ተንኮሻኮሸ። «‹እሱ ምን አለበት። ወረቀት ይዞ ሲዞር የሚውል ልጅ ነው። ድልድዩን እግዜርና ቅሬው ሠሩት። እሱ እንኳን ሰው፣ ራሱንም አይመራ። ጤናውም ደህና አይደል።› ሦስት ጊዜ በተለያየ መንገድ ጠየቅኋቸው። በጠየቅሁ ቁጥር ይብሱ ነበር።»

 የኔአለም ቀጠለች። በደንባቸው ምስክር አንድ ጊዜ ብቻ በድጋሚ ይጠየቃል። ያንኑ ከደገሙ ፋይሉ ይዘጋል፤ እንደገና ማመልከት የሚቻለው በሚመጣው ዓመት ነው። በሚመጣው ዓመት ደግሞ ድልድዮቹ ሰው አግኝተዋል። አዩብ አመሰገናትና ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ሄደ። የዚያን ዕለት ያዩት ግን «ምን አገኘ?» አላሉም፤ አካሄዱ ሌላ ነበር።

ወደ ጎሽ ውሃ ሲወርድ በልቡ ሲናገር ነበር። ለምን? ምን አደረግሁዎት? ድልድዩ መሐል ሲደርስ ቆመ። ሳንቃው ከሥሩ ትንሽ ተወዛወዘ፤ ገመዱ እንደ ክራር ክር ነዘረ። እዚህ ላይ ቆሞ ተናዶ አያውቅም። ዛሬም አልሆነለትም፤ ቅሬታው ግን አብሮት ተሻገረ።

አያ አድማሴ አውድማ ላይ ነበሩ። ታኅሣሥ ነው፤ የጤፍ ውቂያ። በሬዎቹን እያዞሩ አገኛቸው። አፉን ሳይከፍት አንድ እንግዳ የእህል ነጋዴ በመንገዱ ሲያልፍ ቆም አለና መሪውን በሬ፣ ያን ጀርባው እንደ ሰሌን የተዘረጋ ወይፈን፣ እያየ «አቤት፣ እንዴት ያለ በሬ ነው አባቴ!» አለ።

«ይኼ ደግሞ በሬ ይባላል?» አሉ አያ አድማሴ። «ምኑ ቀረና። ሲታመም ነው የከረመ። ጉልበት የለው፣ ሆድ የለው። ለቆዳው ነው ያቆየሁት።»

ነጋዴው ሳቅ ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ጥጉን እስኪዞር ጠበቁና በሬውን አንገቱ ሥር አከክ አከክ አደረጉት። «አይዞህ፣ አልፏል፤» አሉት፤ በሬውን።

አዩብ በቆመበት ቀረ። ከከተማ ጀምሮ ተሸክሞት የመጣው ነገር ከትከሻው ላይ ሲወርድ ተሰማው። ጤናውም ደህና አይደል።

«አያ አድማሴ፣» አለ፣ «ለዚያች ሴትዮ ስለ እኔ የነገሯት ይህንኑ ነው?»

«እና ምን ልበላት?» ዞር አሉ። «ፊቷን አላየሁ፣ ዓይኗን አላውቅ። ጎበዝ ነው ወይ ትለኛለች። ብልህ ነው ወይ፣ ታታሪ ነው ወይ። ደግማ ደጋግማ! ምን ቢያስባት ነው እላለሁ እኔ። አዎ ጎበዝ ነው ብዬ በገበያ መሐል አንተን ለዓይን ልስጥ?»

«ጎበዝ ካልተባልሁ አያስፈትኑኝም።»

«ሳትፈተን በሕይወት ኑርልኝ።»

አዩብ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቸው። ፈተናውን፣ ድርጅቱን፣ የሚመጡትን ድልድዮች፣ የሚዘጋውን ፋይል። አያ አድማሴ ጅራፋቸውን መሬት ላይ አሳርፈው ሰሙ። ፊታቸው ጠቆረ። ልጁን ከክፉ ያዳኑት መስሏቸው ከእንጀራው እንዳስቀሩት ገባቸው። በመጨረሻ፣ አዝነው፣ ግን እንደማይሆን አድርገው ተናገሩ።

«ማሞገስ ከአፌ አይወጣም። አባቴም ሲያሞግሰኝ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅ፤ ለዚህ ዕድሜ ያበቃኝም ይኸው አለማሞገሱ ነው።»

 አዩብ ጫማውን አውልቆ፣ ጅራፉን ተቀብሎ፣ በሬዎቹን ማዞር ያዘ። ሽማግሌ ሲያበራይ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። እየዞረ አሰበ። መጽሐፉ ባለድርሻው እንቢ ሲል እሱን ለመለወጥ አትሩጥ፣ መጀመሪያ ምን እንደተጠየቀ ተመልከት ይላል። ምን ተጠየቁ? ጎበዝ ነው ወይ። ይህ ደግሞ በጎሽ ውሃ ጥያቄ አይደለም፤ ወጥመድ ነው። እሳቸው ራሳቸው ዳኛ ሆነው ቅሬው ፊት ሲቀመጡ ሰው እንዲህ ይጠይቃሉ? አይጠይቁም። የድንበር ክስ ሲሰሙ፣ የፈረሰ ጋብቻ ሲሰሙ፣ ምስክሩን አስቁመው የሚሉት ሌላ ነው። ደግሞም በገዛ አማቻቸው ላይ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ፣ ያዩትን የመሰከሩ ሰው ናቸው።

በሬዎቹ ቆሙ፤ አዩብ ቆሞ ነበርና።

«አያ፣ ምስክር ቢባሉስ?»

«ምን?»

«ወሬ መጠየቅ ቀርቶ፣ በምስክርነት ቢጠሩ።»

አያ አድማሴ ቀና አሉ። እንደ ዳኛ ሲሆኑ አገጫቸው ይወጣል፤ አሁንም ወጣ።

«ምስክርነት ሌላ ነው። ምስክርነት ሙገሳ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ያየውን የደበቀ ምስክር ዘሩ አይበረክት። ነገር ግን እኔን በምስክርነት ማን ጠራኝ? እሷ የጠየቀችኝ ወሬ ነው።»

አዩብ ጅራፉን መልሶ፣ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ጉብታውን ወጣ። የኔአለም ስልኩን ስታነሳ እስትንፋሱ ገና አልተመለሰም ነበር። ሊነግራት የፈለገው ብዙ ነው፤ ስለ በሬው፣ ስለ ዓይን፣ ስለ አባታቸው። የነገራት ግን ጥቂቱን ነው።

«እንዲህ ያስብሉልኝ አልልዎትም፤ እሳቸው ምን እንደሚሉም አላውቅም። የምለምነው አንድ ነገር ነው። አያ አድማሴን አይጠይቋቸው፤ ምስክር ያድርጓቸው።»

የኔአለም ቅጹ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች መተው እንደማትችል ነገረችው። አይተዉ አላት፤ ከጥያቄው በፊት ብቻ ምስክር አድርገው ያቁሟቸው። ሳቀች። «እሺ፣ ምን ተብሎ ነው የሚቆሙት?» አዩብም ቅሬው ላይ ሲባል ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማውን ነገራት። ስትጽፍ ይሰማዋል፤ አንዷን ቃል አስደገመችው።

የሁለተኛው ጥሪ ቀን አያ አድማሴ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ለችሎት እንደሚወጣ ሰው ጉብታው ላይ ወጡ። አዩብ ደንቡን ለማክበር ሄዶ ሄዶ ከታች ካለው ሾላ ሥር ተቀመጠ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ግን አያ አድማሴ በስልክ ሲያወሩ አልሰሙም። አዲስ አበባ ሩቅ ነው ብለው ስለሚያምኑ ድምፃቸውን እስከዚያ ድረስ ነው የሚወረውሩት። ሾላው ይቅርና ወንዙ ማዶ ያሉት አጫጆች ቀና ብለው ነበር።

መጀመሪያ አዳመጡ። ከዚያ ተነሡ። የጋቢያቸውን ጫፍ ከትከሻቸው አወረዱ።

«ቆሜያለሁ፤» አሉ። «ያየሁትን እናገራለሁ፤ ያላየሁትን አልጨምር፤ ካየሁት አልቀንስ። ብቀንስ እግዜር ያየኛል። ጻፊ።»

ሳትጽፍ አልቀረችም፤ እሳቸው ግን አልጠበቋትም።

ወንዙ ወዲህ ያለነው በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ እጃችንን ከሥራ አናነካካም አሉ። ወዲያ ያሉት ደግሞ ዓርብ ጁምዓቸው ነው። በዚህ በዓል በዚያ ጁምዓ እየተባለ ሥራው የልጅ ልጅ ይደርስበታል ብለው እሳቸው ራሳቸው ለቅሬው ተናግረው ነበር። ይህ ልጅ ግን በክርስቲያኑ በዓል እስላሙን፣ በእስላሙ ጁምዓ ክርስቲያኑን አሰለፈ። ከገበያ ቀን በቀር መዶሻ ሳይሰማ የዋለበትን ቀን አላየሁም አሉ። አዩብ ይህን ማመልከቻው ላይ «የሥራ መርሐ ግብር አዘጋጅቷል» ብሎ በአንድ መስመር ነበር የጻፈው። ጆሮው ጋለ።

ከዚያ ከኩታበር የመጣውን ግንበኛ ነገር አነሡ። ከመንደሩ ጎረምሶች ጋር ተጣልቶ፣ ግንቡን ደረት ላይ አድርሶ ጥሎ ሄደ። ሽማግሌ ልላክ ስል ልጁ ቀድሞኝ ሄዷል አሉ። «ምን እንዳለው አላየሁም፤ አልነበርሁም። ግንበኛው ተመልሶ ሲመጣ ግን አይቻለሁ። የሰደቡትም ጎረምሶች ድንጋይ ሲያቀብሉት አይቻለሁ።»

 ዘንጋቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ሦስተኛውን ጻፊ። እትዬ ወርቂቱ ሞተች፤ በነሐሴ ነው። ሳንቃው ተነጥፏል፤ የአንዱ ጎን መደገፊያ ገመድ ግን ገና አልታሰረም። ቃሬዛው መጣ። ሕዝቡ ከኋላ ነው፤ አገር ነው የወጣው። ይህ ልጅ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ። ቃሬዛውና አራት ተሸካሚ ይለፍ፣ ከዚያ ሰው አራት አራት እየሆነ፣ ድልድዩ ላይ ልቅሶ የለም፣ ደረት መምታት የለም፣ ማዶ ስትደርሱ ታለቅሳላችሁ አለ። ተሰደበ። ተገፋ። ሳንቃው ላይ ተኛ፤ በእኔ ላይ ተራመዱ አለ። ልጄ፣ በአገራችን ልቅሶ ያስቆመ ሰው የለም። ንጉሥም አያስቆም። ይኼ አስቆመ። ያን ሁሉ ሕዝብ አራት አራት አድርጎ፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ እንደ ጉንዳን በመስመር አሻገረው። የመጨረሻው ሰው ማዶ ሲደርስ ልቅሶው ፈነዳ። ከሚያለቅሱት መሐል እሱም ነበረበት፤ የእናቱ ቀን ትዝ ብሎት ይሆናል፤ እሱን ግን አላየሁም፣ ልቡ ውስጥ ነው። ያየሁት ይህን ነው።»

አዩብ ሾላው ሥር ፊቱን በጉልበቱ መሐል ቀብሮ ነበር።

ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ጥያቄ ሳይመጣ አልቀረም፤ ቅጹ ላይ ያለው ይሆናል። አያ አድማሴ ቁጣ ያዛቸው።

«ያየሁትን ነገርሁሽ። ጎበዝ ይሁን አይሁን እሱን አንቺ ፍረጂ።» ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸውና እንደገና ወደ አፋቸው አስጠጉት፤ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፣ እንደ አባት። «ልጄ፣ እንግዲህ ሁሉንም ሰምተሻል። በይ አሁን እንትፍ እንትፍ በይልኝ።»

 አያ አድማሴ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሡ ጠበቁ። ከዚያ ፊታቸው ፈካ።

«እሰይ፤ የወላድ ልጅ። ተባረኪ።»

መልሱ ሲመጣ አዩብ ብዙአየሁ ሱቅ ነበር። ማመልከቻዎ ተቀባይነት አግኝቷል፣ የፈተና ቀንዎን ይምረጡ ይላል። አንብቦ ለብዙአየሁ ሰጠው፤ ብዙአየሁም አንብቦ መለሰለት፤ ደግሞ ተቀብሎ አነበበው። ከዚያ ብዙአየሁ ሱቁን ከፍቶ ትቶ አብሮት ወጣ። የእህል በረንዳው ሰዎች በዚያን ዕለት ሁለት ሰው እየተከታተለ ሲዞር አይተው ነገሩ ከባድ መሆኑን ገመቱ። ኡሙልኸይር የላከችው ድምፅ ግማሹ እልልታ ግማሹ ዱዓ ነው፤ መጨረሻ ላይ የአሠሪዋ ልጅ ማለፉን፣ አዩብም ከእሱ እንዳያንስ ነገረችው። ቀኑን መረጠ፤ በቀረው ጊዜ ጥያቄ ሲሠራ፣ ሲሳሳት፣ ሲያርም፣ ጉብታውን ሲወጣና ሲወርድ ሰነበተ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «የሥራ መሪው ባለድርሻው የሚያምንበትን ቋንቋ እንዴት ያውቃል?» ይል ነበር። አዩብ ምርጫዎቹን ሳያይ ለብቻው ሳቀ።

አዲስ አበባ የሚሄድበት ማለዳ አያ አድማሴ በበቅሎ መካነ ሰላም ገብተው መናኸሪያው በር ላይ ጠበቁት። ጭብጦ በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። አውቶቡሱ ሊሞላ ነው። አዩብ መስኮቱ ዘንድ ተቀመጠ፤ ከጎኑ አንድ የከላላ ሰውዬ ሻንጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይዟል። አያ አድማሴ ቋጠሮውን በመስኮቱ አቀበሉት፤ በከላላው ሰውዬና በመንገደኛው ሁሉ ፊት እጃቸውን ራሱ ላይ መጫን ቢቃጣቸውም አልጫኑትም።

ሰውዬው የአዩብን አዲስ ሸሚዝ፣ የተተኮሰውን ሱሪ፣ ደረቱ ላይ ያቀፈውን ወፍራም መጽሐፍ አየና «ልጅዎ ወዴት ነው አባቴ? ትልቅ ነገር የሚያጠና ይመስላል» አላቸው።

«እሱ ምን አለበት፤» አሉ አያ አድማሴ፣ የሰውዬውን ዓይን እያዩ። «ከተማ ለማየት ነው። ከሠላሳ ገጽ በላይ አንብቦ አያውቅም። ራሱን ያመዋል። ደግሞ ፈተና አለኝ ይላል፤ ወድቆ ነው የሚመለስ።»

«አሚን፤» አለ አዩብ።

የከላላው ሰውዬ አንዴ ሽማግሌውን አንዴ ልጁን አየ፤ ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው ሳይል አልቀረም። ሞተሩ ተነሳ። አያ አድማሴ አውቶቡሱ ጠርዙን እስኪዞር ቆመው፣ አቧራው መሐል፣ እንትፍ እንትፍ እያሉ ነበር፤ አዩብ በኋለኛው መስታወት አያቸው። ከዚያ መጽሐፉን ሳይሆን ቋጠሮውን ፈታ፤ ጭብጦውን ለሁለት ቆርሶ ትልቁን ለሰውዬው ሰጠው።